የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ

የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ አንደርግራውንድ ሬይልሮድ፣ በዩናይትድ ስቴትስ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ከጌቶቻቸው ኮብልለው ነጻ ወደሚሆኑበት ምድር እንዲደርሱ የረዳ የምስጢር መረብ ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ ተጀመረበት እስከ 1861 ድረስ ሠርቷል። ስሙ ባቡር ይባል እንጂ ሐዲድም ሆነ ዋሻ አልነበረውም። መረቡን የመሠረቱት ሰዎች፣ ቤቶች፣ ጋሪዎች፣ ጀልባዎችና ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ መልእክቶች ነበሩ። በአብዛኛው ከደቡብ የባርነት ግዛቶች ተነስቶ ወደ ሰሜን ግዛቶችና ወደ ካናዳ ያመራ ነበር፤ ወደ ሜክሲኮና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚወስዱ መንገዶችም ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ አመጣጥ

ስሙ መቼና በማን እንደ ወጣ የሚነገሩት ታሪኮች ብዙ ናቸው። ከሁሉ የታወቀው በ1831 ከኬንታኪ የኮበለለው የታይስ ዴቪድስ ታሪክ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዴቪድስ የኦሃዮን ወንዝ በዋና ሲሻገር ጌታው በጀልባ ይከተለው ነበር። ዴቪድስ ከማዶ ሪፕሊ ከተማ ዳርቻ ደርሶ ከዓይን ሲሰወርበት ጌታው «ከምድር በታች ባለ መንገድ ሄዶ መሆን አለበት» አለ ይባላል። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ በ1830ዎቹ የምድር ባቡር በአሜሪካ አዲስና አስገራሚ ነገር ስለ ነበር ስያሜው በፍጥነት ተሰራጨ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጋዜጦች ላይ መታየት ጀምሯል።

ከስሙ ጋር የባቡር ቋንቋም አብሮ መጣ፦

- ተሳፋሪ ወይም ጭነት፦ የሚያመልጠው ሰው
- ጣቢያ፦ ኮብላዮች የሚሸሸጉበት ቤት፣ ጎተራ ወይም ጸሎት ቤት
- የጣቢያ ሹም፦ የመሸሸጊያው ቤት ባለቤት
- ኮንዳክተር፦ ተሳፋሪዎችን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው የሚመራ ሰው
- ባለአክሲዮን፦ ገንዘብ፣ ልብስ፣ ጫማ ወይም ስንቅ የሚያዋጣ ሰው

ታሪካዊ ዳራ

በ1787 የተረቀቀው የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ባሪያ የሚለውን ቃል ባይጠቀምም፣ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የኮበለለ የአገልግሎት ባለዕዳ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል። በ1793 የወጣው የመጀመሪያው የኮብላይ ባሪያዎች ሕግ ይህን ድንጋጌ በሥራ ላይ አዋለ። በዚያው ዘመን የሰሜን ግዛቶች ባርነትን አንድ በአንድ ያስቀሩ ጀመር። ፔንሲልቬኒያ በ1780 ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣች፤ በኒው ዮርክ ደግሞ ባርነት በ1827 ፈጽሞ ቀረ። በዚህም ምክንያት አንዲት አገር ግማሿ ነጻ፣ ግማሿ ባሪያ ሆና ቆየች። ሆኖም ነጻ ግዛት የረገጠ ኮብላይ ያን ጊዜውኑ ነጻ አይሆንም ነበር፤ ሕጉ እዚያም ይከተለዋልና።

በደቡብ ደግሞ ጥጥ ትልቅ ሀብት ሆነ። የጥጥ መዳመጫ መኪና በ1793 ከተሠራ በኋላ እርሻው ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ተስፋፋ። ከ1808 ጀምሮ ባሪያ ከውጭ ማስገባት በሕግ ስለ ተከለከለ፣ ለአዲሶቹ እርሻዎች የሚያስፈልገው ጉልበት ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከኬንታኪ እየተገዛ ይወሰድ ነበር። በዚህ የውስጥ ንግድ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተው ተሸጡ። ወደ ጥልቁ ደቡብ የመሸጥ ፍርሃት ብዙዎችን ለኩብለላ ያነሳሳ ዋና ምክንያት ነበር። በ1860 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በባርነት የሚኖሩት ሰዎች ቁጥር ወደ 4 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ኮብላዮችን መርዳት ግን ከስያሜው ይቀድማል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1786 በጻፈው ደብዳቤ በፊላደልፊያ የሚገኙ የኩዌከር እምነት ተከታዮች ማኅበር አንድን ባሪያ ነጻ ለማውጣት እንደሚሞክር ቅሬታውን ገልጿል። በዚያው ከተማ ይኖር የነበረው አይዛክ ሆፐር የተባለ ኩዌከር ከክፍለ ዘመኑ መገባደጃ ጀምሮ ኮብላዮችን በመሸሸግና በፍርድ ቤት በመከራከር ይረዳ ነበር።

አሠራር

መረቡ አንድ አለቃ፣ አንድ ጽሕፈት ቤት ወይም አንድ ካርታ አልነበረውም። አብዛኛው ረዳት የሚያውቀው ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ቤት ብቻ ነበር። ይህም አንዱ ቢያዝ ሌሎቹ እንዳይጋለጡ ጠቅሟል።

የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል የመጀመሪያው ነበር። አብዛኞቹ ኮብላዮች ከደቡብ እስኪወጡ ድረስ የተደራጀ እርዳታ አያገኙም፤ የሚተማመኑት በራሳቸው፣ በሌሎች ባሪያዎችና በነጻ ጥቁሮች ነበር። ከሚያመልጡት ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ሲሆኑ፣ የሚመጡትም በአብዛኛው ለነጻ ግዛቶች ቅርብ ከሆኑት ከሜሪላንድ፣ ከዴላዌር፣ ከቨርጂኒያ፣ ከኬንታኪና ከሚዙሪ ነበር። ልጆች ያሏቸው እናቶች መሸሽ ይከብዳቸው ነበር። ሕፃን ይዞ መደበቅ አደገኛ፣ ልጅን ጥሎ መሄድ ደግሞ ከባድ ነበርና።

ጉዞው የሚደረገው በሌሊት ነው። ኮብላዮች የሰሜንን ኮከብ እያዩ ወይም የወንዞችን ፍሰት እየተከተሉ ይጓዛሉ፤ ቀን ቀን በጫካ፣ በረግረግ ወይም በሣር ክምር ውስጥ ይደበቃሉ። የአዳኝ ውሾች ሽታቸውን እንዳያገኙ በውሃ ውስጥ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ማታ መነሳት ይመረጥ ነበር። እሑድ የዕረፍት ቀን ስለሆነ መጥፋታቸው ቶሎ አይታወቅም፤ የፍለጋ ማስታወቂያም ከሰኞ በፊት በጋዜጣ አይወጣም። ሐሰተኛ የይለፍ ወረቀት የያዙም ነበሩ። ነገር ግን ብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያዎችን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ስለ ከለከሉ ይህን ማድረግ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ሰሜን ከደረሱ በኋላ የጣቢያ ሹሞች ይቀበሏቸዋል። እነዚህም ነጻ ጥቁሮች፣ ኩዌከሮች፣ የሜቶዲስትና የፕረስቢቴሪያን ሰባኪዎች፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ተሳፋሪው በምድር ቤት፣ በጣሪያ ሥር፣ በጎተራ ወይም በተራ የመኝታ ክፍል ያድራል፤ በማግስቱ ምሽት ድርብ ወለል ባለው ጋሪ ወይም በጭድ ተሸፍኖ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይወሰዳል። አንዳንዶች በእውነተኛ ባቡርና በእንፋሎት መርከብም ተጉዘዋል።

በትልልቅ ከተሞች ሥራውን የሚያስተባብሩ የንቃት ኮሚቴዎች ተቋቁመው ነበር። የኒው ዮርኩ ኮሚቴ በ1835 ሲመሠረት ዋና አንቀሳቃሹ ዴቪድ ራግልስ የተባለ ነጻ ጥቁር ነበር። የፊላደልፊያው በ1837 በሮበርት ፐርቪስ መሪነት ተቋቋመ። ኮሚቴዎቹ ለኮብላዮች ማደሪያ፣ ልብስ፣ የባቡር ቲኬት፣ ሥራና ጠበቃ ይፈልጉ ነበር። ከሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙውን የሰበሰቡት ሴቶች ናቸው፤ ልብስ እየሰፉና ባዛር እያዘጋጁ ይሸጡ ነበር።

ዋና ዋና መንገዶች

የኦሃዮ ወንዝ በባርነት ግዛቶችና በነጻ ግዛቶች መካከል ያለ ረጅም ድንበር ነበር። ከኬንታኪ ተሻግረው ወደ ኦሃዮና ኢንዲያና የገቡ ኮብላዮች ወደ ኢሪ ሐይቅ ወይም ወደ ዲትሮይት ከተማ ያመራሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ካናዳ ይሻገራሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው መንገድ ከሜሪላንድና ከዴላዌር ወደ ፊላደልፊያ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ፣ ሲራኪዩስና ሮቸስተር አልፎ ናያጋራ ላይ ድንበሩን ያቋርጣል።

ሦስተኛው መንገድ ባሕር ነው። ጥቁር መርከበኞች ኮብላዮችን በጭነት መካከል እየደበቁ ከደቡብ ወደቦች ወደ ኒው ቤድፎርድ፣ ቦስተንና ፖርትላንድ ያደርሱ ነበር። ፖርትላንድ በሜን ግዛት የምትገኝ ስትሆን፣ በዚያ ካሉት መሸሸጊያዎች አንዱ በጥቁር ምእመናን ከ1828 ጀምሮ የተሠራው አቢሲኒያን የተባለው ጸሎት ቤት ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ጥቁር ክርስቲያኖች በመዝሙረ ዳዊት 68 ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የተነገረውን ቃል ለራሳቸው እንደ ተሰጠ ተስፋ ያዩት ስለ ነበር፣ ኢትዮጵያና አቢሲኒያ የሚሉት ስሞች በቤተ ክርስቲያኖቻቸው ስያሜ ላይ ይታያሉ።

ወደ ደቡብ የሚወስዱም መንገዶች ነበሩ። የስፔን ቅኝ ግዛት የነበረችው ፍሎሪዳ ከ1693 ጀምሮ ካቶሊክ ለሚሆኑ ኮብላዮች ነጻነት ትሰጥ ነበር፤ በ1738 በሴንት ኦገስቲን አጠገብ ፎርት ሞሴ የተባለ የነጻ ጥቁሮች ምሽግ ተቋቋመ። ሜክሲኮ በ1829 በፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ ዘመን ባርነትን ስትሽር፣ ከቴክሳስና ከሉዊዚያና የሚሸሹ ሰዎች የሪዮ ግራንዴን ወንዝ መሻገር ያዙ። ሌሎች ደግሞ አገር ሳይለቁ በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ላይ ባለው ግሬት ዲዝማል በተባለው ረግረግ ውስጥ ተደብቀው ለዓመታት ኖረዋል።

ታዋቂ ሰዎች

ሃሪየት ተብማን። በ1822 ገደማ በሜሪላንድ ዶርቸስተር አውራጃ በባርነት ተወለደች። በልጅነቷ አንድ የእርሻ አለቃ ሌላ ሰው ለመምታት የወረወረው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ጭንቅላቷን መትቷት ስለ ነበር ዕድሜዋን ሙሉ ድንገተኛ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። በ1849 መገባደጃ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ኮብልላ ወንድሞቿ ፈርተው ሲመለሱ አብራ ተመለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ ብቻዋን ወጥታ ፊላደልፊያ ገባች። ከ1850 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት 13 ያህል ጊዜ ወደ ሜሪላንድ ተመልሳ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን አወጣች፤ አብዛኞቹ ዘመዶቿና የሚያውቋት ነበሩ። በ1851 ባሏን ለመውሰድ ስትሄድ ሌላ ሴት አግብቶ አገኘችው፤ እርሷም በእርሱ ምትክ መሄድ የሚፈልጉ ሌሎች ሰዎችን ይዛ ተመለሰች። በ1857 አረጋውያን ወላጆቿን አወጣች። ሽጉጥ ትይዝ ነበር፤ ይህም ለአዳኞች ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ፈርቶ መመለስ ለሚፈልግ ተሳፋሪም ማስፈራሪያ ነበር። የተመለሰ ሰው በግርፋት ምስጢሩን ሊያወጣ ይችላልና። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለሰሜኑ ጦር በነርስነትና በሰላይነት አገለገለች። በጁን 1863 በደቡብ ካሮላይና በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተደረገውና እርሷ በመራችው ዘመቻ ከ700 በላይ ሰዎች ነጻ ወጡ። በ1913 በኒው ዮርክ ግዛት በኦበርን ከተማ አረፈች።

ዊልያም ስቲል። በ1821 በኒው ጀርሲ በነጻነት የተወለደ ሲሆን በፊላደልፊያ የንቃት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር። ወላጆቹ ግን በሜሪላንድ ባሪያዎች ነበሩ። እናቱ ስታመልጥ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻ ይዛ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን በተኙበት ጥላ መሄድ ግድ ሆኖባት ነበር። በ1850 አንድ ፒተር የተባለ ጎልማሳ ራሱን ገዝቶ ነጻ ከወጣ በኋላ ከአላባማ ወደ ስቲል ቢሮ መጥቶ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት የተለየውን ቤተሰቡን እንደሚፈልግ ተናገረ። ስቲል የእናቱንና የአባቱን ስም ሲጠይቀው የራሱን ወላጆች ስም ጠራለት፤ ሰውየው አይቶት የማያውቀው ወንድሙ ነበር። ሁለተኛው ወንድም በባርነት ሞቷል። ስቲል ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሰው ሁሉ ስም፣ የቀድሞ ጌታ፣ የተተዉ ዘመዶችና አዲስ ስም በጥንቃቄ ይመዘግብ ጀመር፤ የተበታተኑ ቤተሰቦች አንድ ቀን እንዲገናኙ ይረዳል ብሎ ነው። መዝገቡ ቢያዝ ብዙዎችን የሚያስቀጣ ስለ ነበር ደብቆ አቆየው። በ1872 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ መረቡ ካሉት ምንጮች ሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚሰጠው ነው።

ሌቪ ኮፊን። በሰሜን ካሮላይና የተወለደ ኩዌከር ነጋዴ ነበር። ከ1826 ጀምሮ በኢንዲያና ኒውፖርት በምትባል መንደር፣ ኋላም በሲንሲናቲ ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር ቤቱን ለኮብላዮች ከፈተ። በኒውፖርት ብቻ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በቤቱ እንዳለፉ ይነገራል። በባሪያ ጉልበት ያልተመረተ ሸቀጥ ብቻ የሚሸጥ ሱቅም አቋቁሞ ነበር።

ቶማስ ጋሬት። በዴላዌር ዊልሚንግተን ከተማ የብረት ነጋዴ ሲሆን፣ በራሱ ቆጠራ ወደ 2,700 ሰዎችን ረድቷል። ዴላዌር የባርነት ግዛት ስለ ነበረች ሥራው ከሰሜኖቹ ይበልጥ አደገኛ ነበር። በ1848 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሶ ከባድ ቅጣት ቢጣልበትም ሥራውን አላቆመም። ተብማን ተሳፋሪዎቿን ይዛ ስትመጣ በጫማና በገንዘብ ይረዳት ነበር።

ጆን ራንኪንና ጆን ፓርከር። ሁለቱም በኦሃዮ ሪፕሊ ከተማ ኖረዋል። ራንኪን ነጭ የፕረስቢቴሪያን ሰባኪ ሲሆን፣ ከወንዙ በላይ በኮረብታ ላይ የተሠራው ቤቱ በሌሊት የሚበራው መብራት ከኬንታኪ ማዶ ይታይ ነበር። ፓርከር በ8 ዓመቱ ተሸጦ ወደ ደቡብ የተነዳ ጥቁር ሲሆን፣ በ1845 በ1,800 ዶላር ራሱን ገዝቶ ነጻ ወጣ። ቀን በብረት ማቅለጫው ይሠራል፤ ሌሊት በጀልባ ወደ ኬንታኪ እየተሻገረ ሰዎችን ያመጣ ነበር።

ፍሬድሪክ ዳግላስ። በሴፕቴምበር 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶና የተዋሰውን የመርከበኛ ወረቀት ይዞ ከባልቲሞር በባቡር ተነስቶ ኒው ዮርክ ገባ፤ የተቀበለውም ዴቪድ ራግልስ ነበር። ኋላ በሮቸስተር ኮብላዮችን በቤቱ ያሳርፍ ነበር። ይሁንና በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ መረቡ በአደባባይ የሚያወሩትን ነቅፏል፤ ወሬው ጌቶችን ያነቃል እንጂ ባሪያዎችን አይጠቅምም ይል ነበር። በዚህም ምክንያት የራሱን አመላለጥ ዝርዝር እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ በምስጢር ያዘ።

የታወቁ የማምለጥ ታሪኮች

በዲሴምበር 1848 ኤለንና ዊልያም ክራፍት የተባሉ ባልና ሚስት ከጆርጂያ ሜከን ከተማ አመለጡ። የኤለን መልክ ነጭ ይመስል ስለ ነበር የታመመ ወጣት ባለርስት ሆና ለበሰች፤ ዊልያም አሽከሯ መስሎ ተከተላት። መጻፍ ስለማትችል ፊርማ እንዳይጠይቋት ቀኝ እጇን በጨርቅ አንጠለጠለች። በባቡርና በመርከብ በአንደኛ ማዕረግ ተጉዘው ከአራት ቀን በኋላ በገና ዕለት ፊላደልፊያ ገቡ።

በማርች 1849 ሄንሪ ብራውን የተባለ የሪችመንድ ሰው ሚስቱና ልጆቹ ተሸጠው ከተወሰዱበት በኋላ ራሱን በሳጥን አሽጎ በዕቃ ማጓጓዣ ወደ ፊላደልፊያ አስላከ። ሳጥኑ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ጉዞው 27 ሰዓት ፈጀ፤ በመንገድም ሳጥኑ ተገልብጦ በጭንቅላቱ የቆመበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳጥን የሚል ትርጉም ያለው ቦክስ የሚለው ቃል ስሙ ላይ ተጨመረ። ያሸገው ሳሙኤል ስሚዝ ሌሎችን በዚያው መንገድ ለመላክ ሲሞክር ተይዞ ታሠረ።

ሁሉም ግን አልተሳካለትም። በኤፕሪል 1848 77 ሰዎች ፐርል በተባለች ጀልባ ከዋሽንግተን ለማምለጥ ሞከሩ፤ ነፋሱ ከልክሏቸው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ተያዙ። ብዙዎቹ ወደ ጥልቁ ደቡብ ተሸጡ፤ የጀልባዋ ቀጣሪ ዳንኤል ድሬይተንም ከአራት ዓመት በላይ ታሠረ።

የ1850 ሕግና ተቃውሞው

በሴፕቴምበር 18 ቀን 1850 ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ከቀደመው የጠነከረ አዲስ የኮብላይ ባሪያዎች ሕግ ፈረመ። በዚህ ሕግ መሠረት የተያዘው ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም፤ በዳኞች ጉባኤ የመዳኘት መብትም የለውም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየው ለጌታው ይመለስ ብሎ ሲወስን 10 ዶላር፣ ነጻ ነው ብሎ ሲወስን 5 ዶላር ይከፈለዋል። ኮብላይ የረዳ ሰው እስከ 1 ሺህ ዶላር ይቀጣል፤ እስከ ስድስት ወርም ይታሠራል። የመንግሥት ሹሞች ተራ ዜጎችን በአደኑ እንዲተባበሩ ማዘዝ ይችሉ ነበር።

ውጤቱ ሕጉን ያወጡት ከጠበቁት የተለየ ሆነ። በሰሜን በነጻነት ለዓመታት የኖሩ ጥቁሮች እንኳ ስጋት ስለያዛቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ ክራፍቶችም አዳኞች ቦስተን ድረስ ስለመጡባቸው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ስለ ባርነት ዝምታን መርጠው የነበሩ ነጮች ደግሞ አደኑ በደጃፋቸው ሲደረግ ዐይተው ተቆጡ። በ1851 ብቻ ሦስት ትልልቅ ግጭቶች ተነሱ። በፌብሩዋሪ የቦስተን ጥቁሮች ሻድራክ ሚንኪንስን ከችሎት ነጥቀው ወደ ካናዳ አሻገሩት። በሴፕቴምበር በፔንሲልቬኒያ ክርስቲያና መንደር በዊልያም ፓርከር የሚመሩ ጥቁሮች መሣሪያ አንስተው ተከላከሉ፤ ኤድዋርድ ጎርሰች የተባለ የሜሪላንድ ጌታም ተገደለ። በኦክቶበር ደግሞ የሲራኪዩስ ሕዝብ ጄሪ በሚል ስም የሚታወቀውን ዊልያም ሄንሪን ከእሥር ቤት ሰብሮ አስወጣ።

በ1854 አንቶኒ በርንስ ከቦስተን ሲመለስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመንገድ ዳር ቆሞ ተመለከተ፤ ሕንፃዎች በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ነበር፤ እስረኛውንም ወታደሮች አጅበው ወደ መርከብ ወሰዱት። ኋላ ደጋፊዎቹ በ1,300 ዶላር ገዝተው ነጻ አወጡት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የማርጋሬት ጋርነር ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 1856 ከቤተሰቧ ጋር በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ በእግር ተሻግራ ሲንሲናቲ ገባች። አዳኞች ቤቱን ሲከብቡ፣ ልጆቿ ወደ ባርነት እንዳይመለሱ ብላ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ገደለች። በፍርድ ቤት የተነሳው ክርክር በነፍስ ግድያ ትከሰስ ወይስ እንደ ንብረት ለጌታዋ ትመለስ የሚል ነበር። በመጨረሻ እንደ ንብረት ተመለሰች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በደቡብ በሕመም ሞተች።

የረዳቶች ዕዳ

ረዳቶች ለሥራቸው ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። ቻርልስ ቶሪ የተባለ ሰባኪ በ1846 በሜሪላንድ ወኅኒ ሞተ። ካልቪን ፌርባንክ በኬንታኪ በሁለት ጊዜ እሥራት በድምሩ ከ17 ዓመት በላይ ታሠረ። ጆናታን ዎከር የተባለ የመርከብ አዛዥ በ1844 ሰባት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ባሃማስ ሊያሻግር ሲል ተይዞ፣ ባሪያ ሌባ የሚል ምልክት በጋለ ብረት መዳፉ ላይ ተተኮሰበት። ሴት ኮንክሊን የፒተር ስቲልን ሚስትና ልጆች ከአላባማ ካወጣ በኋላ በ1851 በኢንዲያና ተያዘ፤ አስከሬኑም እንደታሠረ በወንዝ ውስጥ ተገኘ። ቤተሰቡ ወደ አላባማ ተመለሰ፤ ፒተር 5 ሺህ ዶላር ለምኖ እስኪገዛቸው ድረስ ሌላ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት።

ለጥቁር ረዳቶች አደጋው የባሰ ነበር። ሳሙኤል ቡሪስ የተባለ ነጻ ጥቁር በዴላዌር ተፈርዶበት ራሱ በጨረታ እንዲሸጥ ተወሰነ፤ የተረፈው የፀረ ባርነት ወዳጆቹ ገዢ መስለው ቀርበው ስለ ገዙት ነው።

ኑሮ በካናዳ

ያን ጊዜ የብሪታኒያ ቅኝ ግዛት የነበረችው የላይኛው ካናዳ በ1793 ባሪያ እንዳይገባባት የሚያግድ ሕግ አወጣች። በ1834 ደግሞ ባርነት በብሪታኒያ ግዛት በሕግ ተሻረ። ኮብላዮች በሴንት ካትሪንስ፣ ዊንዘር፣ አምኸርስትበርግና ቻተም ሰፈሩ። ጆሳያ ሄንሰን በዶን ሰፈር የሙያ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ረዳ። በ1849 የተመሠረተው የበክስተን ሰፈር ትምህርት ቤት ጥሩ ስም ስለ ነበረው ነጭ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይልኩበት ነበር። ሜሪ አን ሻድ በ1853 የራሷን ጋዜጣ በማቋቋም በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነች። ነጻነት ግን እኩልነት አልነበረም፤ በብዙ ቦታ ጥቁር ልጆች በተለየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ይገደዱ ነበር።

ስንት ሰው አመለጠ?

ሥራው ምስጢር ስለ ነበር ግምቶቹ ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከፍተኛ ግምት 100 ሺህ ሲሆን፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ይሰጣሉ። የ1850 የሕዝብ ቆጠራ በዓመቱ የኮበለሉትን ወደ 1 ሺህ ብቻ አድርጎ ቆጥሯል። ከ4 ሚሊዮን ሕዝብ አንጻር ያመለጡት ጥቂት ነበሩ። የፖለቲካ ክብደታቸው ግን ከቁጥራቸው በላይ ነበር። እያንዳንዱ ኮብላይ ባሪያዎች በኑሯቸው ረክተዋል የሚለውን የጌቶች አባባል ሐሰት ያደርግ ነበር። ደቡብ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 ከኅብረቱ ስትገነጠል ባወጣችው መግለጫ ከዘረዘረቻቸው ምክንያቶች አንዱ የሰሜን ግዛቶች ኮብላዮችን አለመመለሳቸው ነበር።

አፈ ታሪክና እውነት

ስለ መረቡ ከጊዜ በኋላ የተነገሩ አንዳንድ ታሪኮች በማስረጃ አይደገፉም። በአጥር ላይ የሚሰጡ የአልጋ ልብሶች በጥለታቸው የምስጢር መልእክት ይናገሩ ነበር የሚለው እምነት የተስፋፋው በ1999 በታተመ መጽሐፍ ነው፤ የዘመኑ ኮብላዮች ምስክርነት ግን ይህን አያነሳም። ብዙ አሮጌ ቤቶች የምስጢር ዋሻ አላቸው ቢባልም አብዛኛው ተሳፋሪ ያደረው በተራ ክፍልና በጎተራ ነበር። በተብማን ራስ ላይ የ40 ሺህ ዶላር ወሮታ ተቆርጦ ነበር የሚባለውም ትክክል አይደለም። በ1849 እመቤቷ ያወጣችው ማስታወቂያ ከግዛቱ ውጭ ለሚይዛት የሚሰጠው 100 ዶላር ነበር።

ታሪኩን የጻፉት ሰዎችም ትኩረታቸው ተለዋውጧል። ዊልበር ሲበርት በ1898 ባሳተመው ጥናት በብዛት የነጭ ረዳቶችን ትዝታ ሰበሰበ። ላሪ ጋራ በ1961 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ተችቶ፣ የማምለጡ ዋና ባለቤቶች ኮብላዮቹ ራሳቸውና ነጻ ጥቁሮች እንደ ነበሩ አሳየ። የዛሬ ተመራማሪዎችም በአብዛኛው ይህን አመለካከት ይከተላሉ።

ማብቂያው

ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር የሰሜኑ ጦር ሰፈሮች አዲስ መሸሸጊያ ሆኑ። በሜይ 1861 ሦስት ሰዎች በቨርጂኒያ ወደሚገኘው ፎርት ሞንሮ ምሽግ ሸሽተው ሲገቡ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር የጠላት ንብረት ናቸው በማለት አልመልስም አለ። ከዚያ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጦሩ ጎረፉ። የአብርሃም ሊንከን የነጻነት አዋጅ በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ወጣ፤ የኮብላይ ሕጎች በጁን 1864 ተሻሩ፤ በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን በመላ አገሪቱ አስቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ የካናዳ ስደተኞች የተለዩዋቸውን ዘመዶች ፍለጋ ተመለሱ። ጥቁሮች በሚያነቧቸው ጋዜጦች ላይ የጠፉ እናቶችን፣ ወንድሞችንና ልጆችን የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይወጡ ነበር።

መታሰቢያ

የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግሬስ በ1998 ባወጣው ሕግ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከመረቡ ጋር የተያያዙ ቦታዎችን እንዲመዘግብ አደረገ። በ2004 በሲንሲናቲ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ለታሪኩ የተሰጠ ሙዚየም ተከፈተ። የኮፊንና የራንኪን ቤቶች፣ በኦበርን የሚገኘው የተብማን መኖሪያ እንዲሁም በካናዳ የበክስተን ሰፈር ለጎብኚዎች ክፍት ናቸው። በሥነ ጽሑፍ ቶኒ ሞሪሰን በ1987 ያሳተመችው ቢላቭድ የተሰኘው ልብ ወለድ ከማርጋሬት ጋርነር ታሪክ መነሻ ያገኘ ነው። ኮልሰን ዋይትሄድ በ2016 ባወጣው ልብ ወለዱ መረቡን እውነተኛ የምድር ውስጥ ባቡር አድርጎ የሳለ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶበታል።